አማካይ ልጠቀም ወይስ ሚዲያን? ለደሴና ለኮምቦልቻ ፍሬሽማኖች የስታትስቲክስ መምረጫ

ስታትስቲክስን የሚያከብደው ፎርሙላው አይደለም። ፎርሙላው ብዙ ጊዜ ፈተናው ላይ ተጽፎ ይሰጣል። ባይሰጥም ካሲዮ ካልኩሌተር በሰከንድ ያወጣዋል፣ ኤክሴልም እንደዚያው። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። ተመሳሳይ ከሚመስሉ ሁለት ሦስት ነገሮች የቱን ልውሰድ? አማካይ ወይስ ሚዲያን? በኤን፣ ማለትም በቁጥሮቹ ብዛት፣ ላካፍል ወይስ በኤን ሲቀነስ አንድ? ዜድ ነው ቲ? የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢም ሆነ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ ልጆች ሚድ ሲደርስ የሚጠይቁኝ በሙሉ ማለት ይቻላል የዚህ ዓይነት ነው፤ ሞጁሉ ደግሞ እያንዳንዱን በየምዕራፉ ለየብቻ ይተረጉመዋል እንጂ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሄ ሲሆን ይሄን፣ ያ ሲሆን ያን አይልም። እኔ ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። የኪራይ፣ የደቂቃና የፈተና ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የሞላኋቸው ናቸው። ስሌቱን ግን ወረቀት አውጥታችሁ አብራችሁኝ ሥሩት።

መጀመሪያ ዳታው ምን ዓይነት ነው?

ከማንኛውም ስሌት በፊት ዳታውን እዩት። በአሃዝ ስለተጻፈ ብቻ የሚደመርና የሚካፈል ቁጥር ነው ማለት አይደለም። የቀበሌ ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር፣ የሚኒባስ ታርጋ፣ የዶርም ቁጥር ስም ናቸው። የቀበሌ 03 እና የቀበሌ 07 አማካይ ቀበሌ 05 ነው የሚል ሰው የለም። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ወንድ 1፣ ሴት 2 ብሎ አስገብቶ የጾታ አማካይ 1.46 ነው ብሎ የሚጽፍ ግን ሞልቷል። ሶፍትዌሩ አይከለክላችሁም። የሰጣችሁትን ያሰላል፣ በቃ።

ስታንሊ ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1946 ያስቀመጠው አራት ደረጃ እስከ ዛሬ ድረስ የብዙ መግቢያ ኮርስ መነሻ ነው። ኖሚናል ስም ብቻ ነው፣ ቅድምና ተከታይ የለውም። ኦርዲናል ቅደም ተከተል አለው፣ በመሃል ያለው ርቀት ግን እኩል መሆኑ አይታወቅም፤ "በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ አልረካሁም" የሚለው መጠይቅ እንደዚህ ነው። ኢንተርቫል ርቀቱ እኩል ነው፣ ዜሮው ግን "ምንም የለም" ማለት አይደለም። ሬሾ ዜሮውም እውነተኛ ዜሮ ነው። ብር፣ ኪሎ፣ ደቂቃ እዚህ ይገባሉ።

ልጆቹ የሚምታቱት ኢንተርቫልና ሬሾ ላይ ነው። አንዱን ቀን እንውሰድ። ደሴ ላይ ጠዋት 8 ዲግሪ ነበር፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀትር ላይ 24 ሆነ እንበል። ኮምቦልቻ ሦስት እጥፍ ሞቃት ነበረች ማለት እንችላለን? ወደ ፋራናይት ቀይሩትና እዩ። 8ቱ 46.4 ይሆናል፣ 24ቱ 75.2። አሁን ሦስት እጥፉ ወደ 1.6 እጥፍ ወረደ። አየሩ አልተቀየረም፣ መለኪያው ብቻ ነው የተቀየረው። መለኪያ ሲቀየር እጥፉ የሚፈርስ ከሆነ ኢንተርቫል ነው። ኪሎን ወደ ፓውንድ ብትቀይሩት ግን እጥፉ እጥፍ ሆኖ ይቀራል። ፈተና ላይ ስትጠራጠሩ ይህችን ሙከራ ሞክሯት።

የምትኖሩበትን ጂፒኤም እዩት። ኤ፣ ቢ፣ ሲ በባሕርያቸው ኦርዲናል ናቸው፤ 4፣ 3፣ 2 ብለን አማካይ ስናወጣ ከሲ ወደ ቢ ያለው ርቀት ከቢ ወደ ኤ ካለው ጋር እኩል ነው ብለን ነው። እኩል ነው ብለን ተስማምተናል እንጂ ለክተን አላረጋገጥንም። ኦርዲናልን አማካይ ማውጣት ሁልጊዜ ስህተት ነው አልልም፤ ምን እንደገመታችሁ ማወቅ ግን ግዴታ ነው።

አማካይ፣ ሚዲያን ወይስ ሞድ?

ደሴ አካባቢ ሰባት የኪራይ ክፍሎች አገኛችሁ እንበል። ወርሃዊ ኪራያቸው 2000፣ 2000፣ 2200፣ 2500፣ 2800፣ 3000 እና 15000 ብር ነው። የመጨረሻው ሙሉ ግቢ ነው፣ ሳሎኑ ሳይቀር። ደምሩት፤ 29500 ይመጣል። ለሰባት ሲካፈል 4214 ብር ገደማ። አሁን ዝርዝሩን ተመልከቱ። ከሰባቱ ስድስቱ ከ"አማካዩ" በታች ናቸው። በዚያ ላይ 4214 አካባቢ የሚከራይ አንድም ክፍል የለም። ከሐይቅ ወይም ከወልድያ ለሚመጣ ጓደኛችሁ "ደሴ ኪራይ አራት ሺህ ነው" ብትሉት አስደንግጣችሁት ነው የምትመልሱት።

ሚዲያኑ፣ ማለትም በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው፣ 2500 ነው። ከላይ ሦስት፣ ከታች ሦስት። የ15000ው ግቢ ነገ 30000 ቢገባ አማካዩ ከ6300 ያልፋል፣ ሚዲያኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ጥቂት ትላልቅ ቁጥሮች የሚጎትቱት ዳታ ሲሆን ሚዲያን ውሰዱ። ኪራይ፣ ገቢ፣ የቤት ዋጋ፣ ሰው ሐኪም ቤት ተኝቶ የሚቆይበት ቀን፣ ሁሉም ጭራቸው ወደ ቀኝ የተጎተተ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ዳታ ላይ ብዙውን ጊዜ አማካዩ ከሚዲያኑ ይበልጣል። በጣም ቀላል ፈተና ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ብዙው ተማሪ ከ90 በላይ አምጥቶ ጥቂቶች ሲወድቁ ጭራው ወደ ግራ ይሄዳል።

ሚዲያን ስትፈልጉ መጀመሪያ በቅደም ተከተል ደርድሩ። ሳይደረድሩ መሃል ላይ የተጻፈውን ማንሳት ፈተና ላይ የሚታየው ትልቁ ጥፋት ነው። ብዛቱ ለሁለት እኩል የሚካፈል ከሆነ፣ ለምሳሌ 6 ወይም 8፣ የመሃሎቹን ሁለት አማካይ ውሰዱ።

ይሄን ያህል ሚዲያንን ካሞገስኩ በኋላ አማካይ ዋጋ የለውም እንዳትሉኝ። ድምሩ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ አማካይ ንጉሥ ነው። ሱቅ ያላት ሴት የቀን ሽያጯ አማካይ ካላት በ30 አባዝታ የወሩን ታገኛለች፤ ሚዲያኑን በ30 ብታባዛ ግን ምንም ትርጉም የለውም። አማካይ ሲባዛ ወደ ድምር ይመለሳል፣ ሚዲያን አይመለስም። ለበጀት፣ ለግብር፣ ለግዢ እቅድ አማካይ። አንድ ተራ ሰው ምን ያጋጥመዋል ለሚለው ጥያቄ ሚዲያን።

ሞድ፣ ማለትም በብዛት የሚደጋገመው፣ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ጫማ ነጋዴ አማካይ ቁጥር 39.7 ቢሉት ምን ያደርግበታል? የሚፈልገው በብዛት የሚሸጠውን ነው። ዳታው ኖሚናል ከሆነ ደግሞ ምርጫ የላችሁም፣ ሞድ ብቻ ነው ያለው። ሞድ ሁለት ሆኖ ከመጣ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850። አማካዩ 2175 ሜትር ነው፤ ይሄ ደሴም አይደለም፣ ኮምቦልቻም አይደለም፣ ሐረጎ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ያለ ነው። የሁለቱን ከተማ ልብስ በዚህ አማካይ ብትመርጡ አንዱ ጋ ይበርዳችኋል፣ ሌላው ጋ ይሞቃችኋል። እንዲህ ሲሆን አማካይም ሚዲያንም ተዉና ለያይታችሁ አስሉ።

ሁለት ዓይነት አማካይ ደግሞ ሳይነገር ይታለፋል። የደሴ ክፍል 60 ተማሪ አለው፣ አማካዩ 70። የኮምቦልቻ ክፍል 20 ተማሪ አለው፣ አማካዩ 50። የሁሉም አማካይ 60 አይደለም። 60 ጊዜ 70፣ ሲደመር 20 ጊዜ 50፣ ለ80 ሲካፈል 65 ነው። ቡድኖቹ እኩል ካልሆኑ በብዛታቸው መዝኑ። ሌላው ፍጥነት ነው። ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ደሴ ሲወጣ 30 ቢሄድ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት 40 የሚመስል ሰው ብዙ ነው። 37.5 ነው። ዳገቱ ላይ የሚያጠፋው ሰዓት ይበዛላ! ርቀቱ እኩል ሆኖ ፍጥነት ሲሰጣችሁ ሃርሞኒክ አማካይ ነው የሚፈለገው፤ እዚህ ጠቅላላው ርቀት ለጠቅላላው ሰዓት ሲካፈል ማለት ነው።

ሬንጅ፣ አይኪውአር ወይስ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን?

አማካይ ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ለሥራ የሚመላለስ ሰው የጠዋቱን ጉዞ አምስት ቀን መዘገበ እንበል፤ 38፣ 40፣ 40፣ 41፣ 41 ደቂቃ። የማታው 28፣ 33፣ 40፣ 45፣ 54። ሁለቱም አማካይ 40 ነው፣ ሚዲያኑም 40። ግን ሰዓት የማያሳልፍ ፋብሪካ የሚገባ ሰው የቱን ያምናል?

ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካውን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አብረን እናውጣ። ኤስዲ እያልን እንቀጥል። ጠዋት ከ40 ያለው ልዩነት -2፣ 0፣ 0፣ 1፣ 1 ነው። ስኩዌር ሲደረግና ሲደመር 6፣ ለ4 ሲካፈል 1.5፣ ሥሩ 1.22 ደቂቃ። የማታው ልዩነት -12፣ -7፣ 0፣ 5፣ 14። ስኩዌሮቹ 144፣ 49፣ 0፣ 25፣ 196፤ ድምሩ 414፣ ለ4 ሲካፈል 103.5፣ ሥሩ 10.17 ደቂቃ። ከስምንት እጥፍ በላይ። ቫሪያንስ ያው ሥሩ ያልወጣለት ነው፣ 103.5። አሃዱ "ስኩዌር ደቂቃ" ስለሚሆን ለስሌት ይመቻል እንጂ ለሰው አይነገርም። ሪፖርት ላይ ኤስዲ ጻፉ።

ሬንጅ ከትልቁ ትንሹን መቀነስ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። ቼክ ለማድረጊያ፣ ለምሳሌ ዕድሜ ላይ 210 ተብሎ የተጻፈ ስህተት ለመያዝ ይጠቅማል። ከዚያ አልፎ አትመኑት።

አሁን ወደ ኪራዩ ኤስዲን ይዘን እንሂድ። የሰባቱ ክፍሎች ኤስዲ 4772 ብር ገደማ ነው። ከአማካዩ ከ4214 አንድ ኤስዲ ወደታች ውረዱ፤ ከዜሮ በታች 558 ብር ይመጣል። አከራዩ ለተከራዩ እየከፈለ ማለት ነው! ስሌቱ ትክክል ነው፣ ምርጫው ነው የተሳሳተው። እዚህ የሚሠራው አይኪውአር ነው፤ የታችኛው ሩብ ከሚያበቃበት (የመጀመሪያው ኳርታይል) እስከ የላይኛው ሩብ የሚጀምርበት (ሦስተኛው ኳርታይል) ያለው ርቀት ማለት ነው። የመጀመሪያው ኳርታይል 2000፣ ሦስተኛው 3000፣ ልዩነታቸው 1000 ብር። መሃለኛው ግማሽ ክፍል በዚህ ሺህ ብር ውስጥ ነው ያለው። ከሦስተኛው ኳርታይል በላይ አንድ ተኩል አይኪውአር ስትጨምሩ 4500 ይሆናል፣ 15000ው ከዚያ በእጅጉ ስለሚርቅ አውትላየር፣ ማለትም ከሌሎቹ ተነጥሎ የራቀ ቁጥር፣ ነው። አውትላየር ማለት ግን ሰርዙት ማለት አይደለም። መጀመሪያ የጽሕፈት ስህተት መሆኑን አጣሩ። ስህተት ካልሆነ እውነት ነውና ይቀመጣል።

ጥንዶቹን አታፋቱ። አማካይ ከኤስዲ ጋር፣ ሚዲያን ከአይኪውአር ጋር። ሚዲያን ጽፎ ጎኑ ኤስዲ የሚያስቀምጥ ሪፖርት ሳይ ዳታውን እንዳላየው አውቃለሁ።

ቆጠራ ወይስ ናሙና?

ፖፑሌሽን ማለት ሕዝብ ብቻ አይደለም፤ ልትናገሩለት የፈለጋችሁት ነገር ሁሉ ነው። ካንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጣ ጠርሙስ በሙሉም ፖፑሌሽን ነው። ከፖፑሌሽኑ የሚገኘው ቁጥር ፓራሜትር፣ ከናሙናው የሚገኘው ስታቲስቲክ ይባላል። ሀገራችን ሦስተኛውን የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የደሴ ከተማ አስተዳደር ያኔ ከ151 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሮበታል። ያ ቆጠራ ነው፣ ሁሉም ሰው ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በመላ ሀገሪቱ 16,650 ቤተሰብ ነው ያነጋገረው። ያ ናሙና ነው።

"ናሙናው ስንት ይሁን?" ሁሉም የሚጠይቀው ይሄን ነው። ከዚያ የሚቀድመው ግን "እንዴት ይመረጥ?" የሚለው ነው። ሰኞ ገበያ እህል የምትገዛ እናት ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይታ አትገዛም። እጇን እስከ ክርኗ ትከትና ከሥር ጨብጣ ታወጣለች፣ መዳፏ ላይ ዘርግታ እንክርዳዱን ታያለች፣ ከዚያ ሌላ ጎን ትደግማለች። ሁለት እፍኝ ናት፣ ግን ከላይ ከተዘገነ ሙሉ ቁና ትበልጣለች።

ታሪክም ይሄንኑ ነው ያሳየው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰው ገደማ ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በፕሬዚዳንት ምርጫው ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተገኙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን ነው? የመለሰውም ሁሉም አይደለም። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጆርጅ ጋሎፕ በጣም ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ገመተ። ናሙና ሲበዛ ያልተስተካከለ አመራረጥን አያስተካክልም።

ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ነው። የሁሉም ስም ዝርዝር ካላችሁና ሰዉ ብዙም የማይለያይ ከሆነ ቀላሉን ራንደም፣ ማለትም ዕጣ ውሰዱ። ቡድኖቹ የሚለያዩ ከሆነ፣ ለምሳሌ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞችን ስታጠኑ የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ አንድ ስላልሆነ፣ ስትራቲፋይድ አድርጉ፤ ከየቡድኑ ለየብቻ ዕጣ ይወጣል። ዝርዝር ከሌለና ቦታው ከተራራቀ ክላስተር፤ ቀበሌዎችን በዕጣ መርጣችሁ እዚያ ውስጥ ትገባላችሁ። ፒያሳ ቆሞ የሚያልፈውን መጠየቅ ኮንቪኒየንስ ነው፤ መጠይቁን ለመሞከር ይሆናል፣ "የደሴ ነዋሪ እንዲህ ያስባል" ለማለት ግን አይሆንም።

በኤን ወይስ በኤን ሲቀነስ አንድ?

አምስት ቀን መዝግበን ለ4 ያካፈልነው ለምንድነው? ልዩነቶቹን የለካነው ከራሱ ከናሙናው አማካይ ስለሆነ ነው። ያ አማካይ ደግሞ ለእነዚያ አምስት ቁጥሮች ሁልጊዜ ቅርብ ነው፣ ከማይታወቀው ከእውነተኛው አማካይ ይልቅ ይቀርባቸዋል፤ ስለዚህ የስኩዌሮቹ ድምር ያንሳል። በትንሽ ቁጥር ማካፈል ያንን ይክሳል። ዳታችሁ ናሙና ከሆነ ኤን ሲቀነስ አንድ፣ ያላችሁ ሁሉም ከሆነ ኤን። ማታውን ለ5 ብናካፍለው 10.17ው 9.10 ይሆን ነበር። በ500 ቀን ግን ልዩነቱ አይታይም። ኤክሴል ላይ የኤስዲ ፎርሙላው መጨረሻ ኤስ ከሆነ ለናሙና ነው፣ ፒ ከሆነ ለፖፑሌሽን። ካሲዮ ላይ ሲግማዋ ለፖፑሌሽን፣ ኤሷ ለናሙና።

ኤስዲ ወይስ ስታንዳርድ ኤረር፣ ዜድ ወይስ ቲ?

ኤስዲና ስታንዳርድ ኤረር ስማቸው ስለሚመሳሰል ብቻ የሚደባለቁ ናቸው። ኤስዲ አንዱ ጉዞ ከሌላው ምን ያህል እንደሚለያይ ይናገራል። ስታንዳርድ ኤረር አማካዩ ራሱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይናገራል፤ ኤስዲውን ለኤን ሥር ማካፈል ነው። የማታው 10.17 ለ√5 ሲካፈል 4.55። ብዙ ቀን ብትመዘግቡ ስታንዳርድ ኤረሩ እያነሰ ይሄዳል፣ ኤስዲው ግን አያንስም፣ መንገዱ ያው መንገድ ነዋ። ዳታውን ስትገልጹ ኤስዲ፣ ግምታችሁ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ስትናገሩ ስታንዳርድ ኤረር። ቁጥሩ ስለሚያንስና ስለሚያምር ብቻ ስታንዳርድ ኤረርን መርጦ መጻፍ አንባቢን ማታለል ነው።

ዜድና ቲ ደግሞ ስታንዳርድ ኤረሩን የምናባዛባቸው ቁጥሮች ናቸው፤ እውነተኛው አማካይ ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል የምንገምተው በእነሱ ነው። የቲ ነገር ከቢራ ፋብሪካ ነው የመጣው፤ ኮምቦልቻ ላላችሁ ደስ የሚል ነገር ነው። ዊሊያም ጎሴት ደብሊን የሚገኘው ጊነስ ቢራ ሠራተኛ ነበር። ገብስና ቢራ ሲፈትሽ እጁ ላይ ያለው ናሙና ጥቂት ብቻ ነበር፣ በጥቂት ናሙና ደግሞ ዜድ ከልክ በላይ እርግጠኛ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1908 መፍትሔውን "ስቱደንት" በሚል የብዕር ስም አሳተመ፣ ድርጅቱ ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ። ስቱደንትስ ቲ የምንለው እሱ ነው።

በማታው ጉዞ እንየው። 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን ዜድ 1.96 ነው፤ 1.96 ጊዜ 4.55 ወደ 8.9 ይሆናል፣ ስለዚህ ከ31.1 እስከ 48.9 ደቂቃ። ቲ ግን በ4 ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (እዚህ ኤን ሲቀነስ አንድ) 2.776 ነው፤ ከ27.4 እስከ 52.6 ይደርሳል። ሰፋ፣ ግን ሐቀኛው እሱ ነው፤ አምስት ቀን አይቶ ከዚያ በላይ ማወቅ አይቻልም። የፖፑሌሽኑን ኤስዲ በእርግጥ ካወቃችሁ ዜድ፣ ከናሙናው ከገመታችሁት ቲ። ብዙ ሃንድአውት ላይ "ከ30 በላይ ከሆነ ዜድ" ይላል። በ30 ናሙና ቲው 2.045 ስለሆነ ከ1.96 ብዙም አይርቅም፣ ሕጉ የመጣው ሰንጠረዥ ማገላበጥ አድካሚ በነበረበት ጊዜ ነው። አብሽሩ፣ አሁን ኮምፒውተሩ ቲን ለማንኛውም ብዛት ያወጣል። ፈተና ላይ መምህራችሁ ያስተማራችሁን ተከተሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ግን ኤስዲው ከናሙና ከመጣ ቲን ያዙ፣ የናሙናውን ብዛትም አጠገቡ ጻፉ።